መሬት ሳይረግጥ ሰፈር መልመድ፦ የቡችላ ማስታወሻ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት

ሐምሌ 26፣ 8 ሳምንት

መቻል ዛሬ ገባ። ወንድ ነው። እናቱ የሀበሻ ውሻ፣ አባቱ የጀርመን ሼፐርድ ክልስ ነው ተብሏል። ሰፈራችን ሽሮ ሜዳ፣ ከአስፋልቱ ወደ እንጦጦ በኩል ገባ ብሎ ነው። ግቢው ጠባብ ነው፤ ከበሩ ፊት ለፊት ደግሞ ባለቤት የሌላቸው ውሾች የሚያድሩበት ባዶ ቦታ አለ።

ሥራው ሁለት የማይገናኙ ቀጠሮዎችን ማገናኘት ነው። ቡችላ አዲስ ነገርን ሳይፈራ የሚቀበልበት ጊዜ ከ3ኛው ሳምንት ጀምሮ 12ኛው ወይም 14ኛው ሳምንት ላይ ይዘጋል። ክትባቱ የሚያልቀው ደግሞ ከ16ኛው ሳምንት በኋላ ነው። ክትባት እስኪያልቅ ብዬ ግቢ ከዘጋሁበት፣ ጤነኛ ግን ጥላውን የሚፈራ ውሻ አወጣለሁ። አብዛኛው ንክሻ የሚመጣው ደግሞ ከሚፈራ ውሻ ነው። አሁኑኑ ላውጣው ብል ክረምት ነው፤ ፓርቮ የሚባለው ቡችላ ገዳይ የአንጀት ቫይረስ እርጥብና ጥላ ያለበት አፈር ውስጥ ከዓመት በላይ ሊቆይ ይችላል።

የአሜሪካ የእንስሳት ባህርይ ሐኪሞች ማኅበር በ2008 እ.ኤ.አ. ያወጣው አቋም፣ ቡችላ ከመጀመሪያው ክትባት 7 ቀን በኋላ ከሌሎች ቡችሎች ጋር ሥልጠና ሊጀምር ይችላል ይላል። ይህ ግን እናትየዋ በተከተበችበት፣ መንገድ ላይ ውሻ በማይታይበት አገር የተጻፈ ነው። እኔ ጊዜውን ወስጄ መሬቱን ቀነስኩ፦ መቻል ሁሉንም ያያል፣ ይሰማል፣ ያሸታል፤ እግሩ ግን ከግቢ ውጭ መሬት አይነካም።

ሐምሌ 29

የመጀመሪያው ክትባት፣ ዲስተምፐርን (ሌላ አደገኛ የውሻ ቫይረስ)፣ ፓርቮንና ሄፓታይተስን በአንድ የሚይዘው። ከእሱ ጋር የአንጀት ትል መድኃኒት፤ ትሉ ገና ከማህፀንና ከእናት ወተት ስለሚተላለፍ በሁለት ሳምንት ይደገማል። ለክትባቱ ሐኪሙ የያዘልን ቀን፦ ነሐሴ 20፣ መስከረም 6፣ መስከረም 27። ይህን ያህል መደጋገም ለምን እንደሚያስፈልግ ጠየቅሁት። ቡችላው ከእናቱ እንገር ያገኘው መከላከያ ገና ደሙ ውስጥ ካለ ክትባቱን ራሱን ያጠፋዋል። ያ መከላከያ በየትኛው ሳምንት እንደሚያልቅ ከውጭ አይታወቅም፤ ከአንዱ ቡችላ አንዱ ይለያያል። ስለዚህ እየደጋገሙ ይወጉና የመጨረሻውን ከ16 ሳምንት በኋላ ያደርጉታል።

ክሊኒክ ውስጥ ወለል ላይ አላስቀመጥኩትም። የታመመ ውሻ የሚመጣው እዚያው ነው። ተራችን እስኪደርስ ውጭ ቆየን፤ ሚዛኑ ላይ ከቤት የመጣ ፎጣ አነጠፍን።

ነሐሴ የመጀመሪያው ሳምንት፣ 9 ሳምንት

ግቢውን ማጽዳት። በሩ ላይ በረኪና የተበጠበጠበት ሳፋ አስቀመጥኩ፤ አንድ እጅ በረኪና በ30 እጅ ውኃ፣ ጫማ ተነክሮ እንዲገባ። በክረምት አይሠራም። እኩለ ቀን ሳይደርስ ሳፋው ጭቃ ይሆናል፤ በረኪና ደግሞ ጭቃና እበት ካገኘው ኃይሉ እዚያው ያልቃል። ቀጥሎ የተሞከረው ርካሽ ነው፦ የውጭ ጫማ በር ላይ ይወልቃል፣ ለግቢ ነጠላ ጫማ። እንግዳ ሲመጣ ትንሽ ያሳፍራል። በረኪናው ለሲሚንቶው ወለል ሆነ፦ መጀመሪያ በሳሙና ፈግፍጎ፣ ከዚያ አፍስሶ 10 ደቂቃ መተው። የእጅ ሳኒታይዘር ለዚህ ምንም አይጠቅምም፤ አልኮል ፓርቮን አይገድልም።

ከበሩ ሥር ያለውን ክፍተት የዘጋሁት ከምናለሽ ተራ በኪሎ ተመዝኖ በተገዛ ያገለገለ ሽቦ ነው። የውጭ ውሾች አፍንጫቸውን ያስገቡ የነበረው በዚያ ነው።

ግቢ ውስጥ የእግር ልምምድ ጀመርን፦ መሬት ላይ የተነጠፈ ቆርቆሮ፣ ባዶ የማዳበሪያ ጆንያ፣ የፍሳሽ ፍርግርግ፣ እርጥብ ሴራሚክ፣ ሁለት ደረጃ። ቆርቆሮው ላይ መጀመሪያ አልወጣም። ከሥሩ ጨርቅ አድርጌ ድምፁን ሳፍነው ወጣ፣ ጨርቁ ከዚያ ቀስ እያለ ተነሣ። ሽልማቱ የተቀቀለ ጉበት፣ እንደ ጥፍር ተቆርጦ። ወጥ የነካው ነገር አይሰጠውም፤ በርበሬው ብቻ አይደለም፣ ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሴል ይሰብራል።

ሌላ አንድ ልምምድ ከራሴ የጨመርኩት፦ ማጎንበስ። እዚህ አገር ሰው ወደ መሬት ጎንበስ ካለ ውሻ ሁሉ ይሸሻል፣ ድንጋይ ነዋ የሚያነሳው። የጫማ ክር ለማሰር ያጎነበሰ ሕፃን ፊት ውሻዬ እንዲበረግግ ወይም እንዲያጉረመርም አልፈልግም። ስለዚህ በቀን ውስጥ የቤቱ ሰው ሁሉ እያለፈ ጎንበስ ይላል፣ ጉበት ይጥላል፣ ይሄዳል።

ነሐሴ 6፣ ዘንቢሉ

ከክትባቱ ሳምንት ሞላው። ዘንቢል ውስጥ ፎጣ አንጥፌ፣ እሱን አስቀምጬ፣ አንገቱ ብቻ ብቅ ብሎ ወደ አስፋልቱ ወረድን። ሱቅ ደጃፍ ያለው ደረጃ ላይ ዘንቢሉን ጭኔ ላይ አድርጌ ተቀመጥኩ። ሸማ የሚሸጡት፣ የታክሲ ረዳት ጩኸት፣ ሚኒባስ፣ ዶፍ ሲጥል የቆርቆሮው ድምፅ፣ የሚከፈት ጃንጥላ። ጃንጥላ ከሁሉ ከባዱ ይሆናል ብዬ ነበር፤ ምንም አልመሰለው።

የከበደው ሌላ ነው። ከእንጦጦ ቅጠልና ጭራሮ ተሸክመው የሚወርዱት ሴቶች። ከሩቅ ሲታዩ ሸክሙ እንጂ ሴትየዋ አትታይም፤ ሰፊ፣ የምትንኮሻኮሽ፣ ጭንቅላት የሌላት ነገር ናት። መቻል ደርቆ ቀረ፣ ከንፈሩን ላሰ፣ እንቅልፍ ሳይኖረው አዛጋ። ጉበቱን አልነካም። የያዝኩት ደንብ አንድ ነው፦ የሚወደውን ምግብ እንቢ ካለ ቅርብ ነን ማለት ነው። መንገዱን ተሻግረን ከማዶ ተቀመጥን፣ እዚያ በላ። በሌላ ቀን አንዲት እናት ሸክማቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው አረፍ አሉ፤ ያኔ ከሥሩ ሰው ሲወጣ አየ። ከዚያ በኋላ አንገቱን ዘንበል አድርጎ ብቻ ያያቸዋል።

የውጭ አገር መመሪያዎች ቡችላውን ብዙ የማያውቀው ሰው እንዲደባብሰው አድርጉ ይላሉ። ሽሮ ሜዳ ላይ ማን ይደባብሰዋል? ቤተ ክርስቲያን የሚሄዱት ነጠላቸውን ይሰበስባሉ፣ ለሶላት የሚሄዱትም ገለል ይላሉ፣ ልጆች ወይ ይሮጣሉ ወይ ድንጋይ ይፈልጋሉ። አንዱ ጎረምሳ ዘንቢሉን አይቶ «ጋሼ፣ የፋሲካ ዶሮ ነው?» ብሎኛል። ስለዚህ ዓላማውን ቀየርኩት፦ ሰው ሁሉ ወዳጅ ነው ሳይሆን፣ የሚያልፍ ሰው ያልፋል። በዚህ ከተማ ለሚኖር ውሻ ይኼኛው የበለጠ ያስፈልገዋል።

ነሐሴ 9 እስከ 13፣ ቡሄ

ክፉ አጋጣሚ። ከ8ኛው እስከ 10ኛው ሳምንት ድረስ ቡችላ አንዴ የደነገጠበትን ነገር ዕድሜ ልኩን ሊይዘው ይችላል፤ ሰፈሩ ደግሞ በጅራፍ ጩኸት ላይ ነው። የጅራፍ ጫፍ የሚጮኸው ከድምፅ ፍጥነት በላይ ስለሚወነጨፍ ነው፤ ለውሻ ጆሮ ምን እንደሚሆን መገመት ነው።

መጀመሪያ የሞከርኩት ስልክ ላይ የተቀዳ የጅራፍና የርችት ድምፅ፣ ዝቅ አድርጎ ከምሳ ጋር ማሰማት። በስልክ ስፒከር ቀጭን ጫጫታ ብቻ ነው የሚወጣው፣ እሱም ዝም ብሎ በላ። እውነተኛው ጅራፍ በሁለተኛው ቀን ከጎረቤት ሲጮህ ግን አልጋ ሥር ገባ። ቀረጻው ቤዝ ስለሌለው አላለማመደውም። የወንድሜን ትልቅ ስፒከር ተዋስኩ፣ ይሻላል፣ አሁንም ግን ያው አይደለም።

የሠራው ልጆቹን መቅጠር ነው። የሰፈሩን ሁለት ልጆች ጠርቼ ከመንገዱ መጨረሻ፣ ከወፍጮ ቤቱ ጋ እንዲያጮሁ ተስማማን፤ 50 ብር እና ዳቦ። እኔ ግቢ ውስጥ፦ ጅራፉ ጮኸ፣ ወዲያው ጉበት። ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው፤ ጉበቱ ከቀደመ ጉበት ራሱ የመጥፎ ነገር ምልክት ይሆናል። በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ቀረቡ። ልጆቹ ሥራውን ከእኔ በላይ ወደዱት፣ «እትዬ፣ አሁን ይቅረብ?» እያሉ ባለቤቴን በር ላይ ይጠይቃሉ።

ዋዜማው ላይ ሆያ ሆዬ ብለው ዱላ መሬት እየወገሩ ሲመጡ በሩን አልከፈትንም። እኔ ሙልሙሉን ይዤ ወደ ውጭ ወጣሁ፣ መቻል ጓዳ ከባለቤቴ ጋር ሆኖ ሰማቸው። ጆሮው ቆመ፣ ጅራቱ አልገባም። በዚህ ዕድሜ ደርዘን ልጅ ዱላ ይዞ ፊት ለፊት የሚታይበት ምክንያት የለም።

ነሐሴ 20፣ ከ11 ሳምንት በላይ

ሁለተኛው ክትባት።

ጎረቤታችን እማማ፣ ሥራዬ አላማራቸውም። በአጥር በኩል ሲያዩኝ ሰነበቱና ዛሬ ተናገሩ። «ልጄ፣ ውሻ በበላበት ይጮኻል። ካገኘው ሁሉ እጅ ካበላኸው ለማን ሊጮህ ነው? ጨለማ ቤት ዝጋበት፣ ሰው አያሳዩትም።»

ይህን የሚሉት እሳቸው ብቻ አይደሉም፤ ዘግቶ ማሳደግ፣ በርበሬ ማጉረስ፣ አጭር ሰንሰለት፣ ሁሉም ውሻውን ኃይለኛ ያደርገዋል ተብሎ ይታመናል። የተሞከረ ነገር ስላለ እሱን ነገርኳቸው። በ1961 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት አለ፤ አሜሪካ፣ ሜን ግዛት፣ ባር ሃርበር በሚገኘው ጃክሰን ላቦራቶሪ የተሠራ። ቡችሎችን አጥር ባለው ሜዳ ከሰው ለይተው አሳደጓቸው፣ በተለያየ ሳምንት እያወጡ ከሰው ጋር አገናኟቸው። እስከ 14 ሳምንት ሰው ያልነካቸው በኋላ እንደ አውሬ ሆኑ፣ በትዕግሥት እንኳ ለመመለስ አስቸጋሪ ነበሩ። ኃይለኛ አልሆኑም፤ ሸሺ ነው የሆኑት። እንዲህ ያለው ውሻ ሌባ ሲመጣም ይሸሻል፣ ማምለጫ ያጣ ዕለት ደግሞ የሚነክሰው የቤቱን ልጅ ነው።

እማማ «እንግዲህ እናያለን» ብለው ገቡ። በአጥሩ ቀዳዳ ግን ምን እንደሆነ ያልነገሩኝ ነገር ሲጥሉለት አይቻለሁ።

ነሐሴ መጨረሻና ጳጉሜ፣ 12 እና 13 ሳምንት

ከውሻ ጋር መገናኘት። መስፈርቱ ጠባብ ነው፦ ክትባቷ የታደሰ፣ ቡችላ የምትታገሥ፣ ግቢዋ የመንገድ ውሻ የማይገባበት። የአንድ የሥራ ባልደረባዬ አሮጊት ውሻ መስፈርቱን አሟላች። በመኪና ወስጄ ከመኪና በቀጥታ ግቢያቸው አወረድኩት። ጆሮዋን ሲነክሳት አንዴ ጉርርር አለች፣ ተወ። እኔ ብዙ ቀን «አትንከስ» ስለው የነበረውን እሷ በአንድ ጉርታ ጨረሰችው።

በዚሁ ክሊኒክ የተከተቡ ሁለት ቡችሎችም ተገኙ፣ ባለቤቶቹ ወደ እኛ ግቢ አመጧቸው። ጨዋታ ይሁን ጥቃት ሲምታታብኝ የማደርገው፦ ላይ ያለውን ለአፍታ ይዤ ታች ያለውን እለቃለሁ። ተመልሶ ከመጣ ጨዋታ ነው። ከሸሸ በቅቶታል። ትንሿ ሴት ቡችላ ሁለት ጊዜ ሸሽታ ሦስተኛው ላይ ራሷ የፊት እግሯን ዘርግታ ጋበዘችው።

ሌሊት ጅብ ከእንጦጦ ሲወርድ የሰፈሩ ውሻ ሁሉ ይጮኻል። እኔ አልነሣም፣ አላባብለውም፣ አልቆጣውም። እሱም ትንሽ አዳምጦ ይተኛል።

መስከረም 1

አበባየሆሽ የሚሉት ሴቶች ልጆች ከበሮ ይዘው ሲመጡ በሩ ተከፈተ፣ መቻል ባለቤቴ እቅፍ ሆኖ አየ። ከሆያ ሆዬ ጋር ሲወዳደር ቀላል ነው።

በጉ ግን ትምህርት ነበር። ሁለት ቀን ቀድሞ ገዝተን ግቢ አሰርነው፤ መቻል በገመድ ሆኖ ከሩቅ እያየ ተቀመጠ፣ ሲረጋጋ ተሸለመ። ዕርዱ ላይ ቤት ተቆለፈበት። ሳንባና ጉበት ላይ የውኃ ከረጢት የሚመስል እብጠት ከታየ ጥሬውን ለውሻ መወርወር አይገባም፤ እዚያ ውስጥ ያለው እጭ ውሻው አንጀት ውስጥ ትል ሆኖ በዓይነ ምድሩ ወደ ሰው ይመለሳል። የሰፈሩን ሰው ሁሉ ይህን ማሳመን አልችልም። የእኛን በግ ሆድ ዕቃ ጉድጓድ ቆፍሬ ቀበርኩ፣ ላዩ ላይ ድንጋይ ጫንኩ።

መስከረም 6፣ 14 ሳምንት

ሦስተኛው ክትባት፣ ከእሱ ጋር የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት። ማኅተም ያለበት ወረቀት ተሰጠን። የእብድ ውሻው ክትባት ሊታመኑበት ወደ አንድ ወር ይፈልጋል፤ ማለትም ጥቅምት 4 አካባቢ።

በዚህ መሐል ልጆቹ ቢነከሱስ? ቤት ውስጥ የተስማማነው፦ ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚወርድ ውኃ 15 ደቂቃ ማጠብ፣ ከዚያ በዚያው ቀን ጤና ተቋም። አባቴ አሁንም «ፓስተር ውሰዱት» ይላል፣ የድሮውን የክትባት ተቋም ማለቱ ነው፤ በእሱ ዘመን የሚኬደው እዚያ ብቻ ነበር። ነጭ ሽንኩርት፣ ቡና፣ ጠበል ሁሉ ከዚያ በኋላ ይምጣ። ምልክቱ ከታየ መዳኛ የለውም ማለት ይቻላል።

ዘንቢሉ አለቀለት፣ ጆሮው ተበጠሰ። ውሻው ከብዷል። ባለ አንድ ጎማ የእጅ ጋሪ ከግንበኛ ተዋስኩ፣ ፍራሽ ቢጤ አነጠፍኩ። ጋሪው ይንቀጠቀጣል፣ ሁለት ጊዜ ሊዘል ሲል ያዝኩት። የመታጠቂያ ቀበቶ ያስፈልጋል። ጫማ ሰፊው ከአሮጌ ሻንጣ ማሰሪያ ደረቱ ላይ የሚታሰር ሠራልን፤ 150 ጠየቀ፣ 120 ተስማማን። አንገት ላይ ከማሰር ይሻላል፣ ሲደነግጥ አይታነቅም። መንገደኛው ሁሉ ይስቃል። «መኪና ገዛህለት?» የሚለውን ቀልድ ለምጄዋለሁ።

መስከረም 16 እና 17

የደመራው ዕለት ማታ ርችት እንደሚኖር ስለታወቀ ከ10 ሰዓት በፊት በልቶ፣ ተጫውቶ፣ ደክሞ ነበር። ውስጠኛው ክፍል፣ መጋረጃ ተዘግቶ፣ ሬዲዮ ከፍ ብሎ። የመጀመሪያው ርችት ላይ ተነሣ፣ ወደ እኔ አየ፣ ጉበት መጣ። ሲቀጥል አጥንቱን ይዞ ወንበር ሥር ገባ። ወንበር ሥር መግባት ይፈቀድለታል፤ አልጎተትኩትም። ጠዋት ላይ የችቦውን አመድ ለማሽተት ግቢ በር ላይ ወሰድኩት፣ በእቅፍ።

በማግስቱ፣ መስከረም 18፣ የዓለም የእብድ ውሻ በሽታ ቀን ነው፤ ሉዊ ፓስተር በ1895 እ.ኤ.አ. የሞተበት ቀን። የእኛ ቀይ ቀበሮ ባሌ ላይ ደጋግሞ ያለቀው ከእረኛ ውሾች በተላለፈ እብደትና ዲስተምፐር ነው። ክትባት የጓሮ ጉዳይ ብቻ አይደለም ስል ይህን ነው የማስበው።

መስከረም 27

የመጨረሻው ክትባት። ከዚህ በኋላ 26 ሳምንት ሲሞላው አንድ ማጠናከሪያ ይቀረዋል።

ወጪው ሲደመር ትልቁ ክትባቱና ወደ ክሊኒክ መመላለሻው ትራንስፖርት ነው። ለማላመዱ ሥራ የወጣው ጉበት፣ በረኪና፣ ሽቦ፣ የጫማ ሰፊው እና የልጆቹ 50 ብር ነው።

ጥቅምት 12 እና ከዚያ ወዲህ

እግሩ መንገድ ነካ። ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል፣ ሰው ሳይበዛ፣ መሬቱ ደርቆ። ሽታው ሁሉ አዲስ ስለሆነ ሃምሳ ሜትር ለመሄድ ረጅም ጊዜ ፈጀ፣ አላቻኮልኩትም። ባዶ ቦታው ላይ ያሉት ውሾች ተነሡ። ገመዱን አላጠበቅሁም፤ ገመድ ሲወጠር ውሻው ይወጠራል። መንገድ ተሻግረን አለፍን። አንዱ ሲከተል እኔ ጎንበስ አልኩ፣ እሱ ሸሸ፣ መቻል ግን ጉበት ፈልጎ እጄን አየ። ልምምዱ ሠርቷል፣ ምንም እንኳ ለሁለቱም አንድ እንቅስቃሴ ሁለት ትርጉም ቢኖረውም።

የሠራው፦ ጅራፍ፣ ጃንጥላ፣ ጭራሮ ተሸካሚዎች፣ ጋቢ የተከናነበ የሌሊት ዘበኛ፣ አህያ፣ ባጃጅ። እማማ በር ሲያንኳኩ ዝም ይላል፣ የማያውቀው ሰው ማታ አጥር ሲነካ ይጮኻል። ይህን ሳስተምረው አልነበርኩም።

ያልሠራው ቆራሌው ነው። «ቆራሌው!» የሚለው ድምፅ ከሩቅ ሲሰማ ፀጉሩ ይቆማል። ጆንያው፣ ጩኸቱ፣ በየበሩ መቆሙ፣ ሦስቱም አንድ ላይ ናቸው። በዘንቢሉ ዘመን ቆራሌው ሲያልፍ እኛ ብዙ ጊዜ አስፋልት ላይ ስለነበርን አላየውም። አሁን የመቻል የመላመጃ ዕድሜ ስላለፈ ልምምዱ ዝግ ብሎ ነው የሚሄደው። ሰውየውን አነጋገርኩት፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ጆንያውን በራችን ማዶ አስቀምጦ ሻይ ሊጠጣ፣ ሳይጮህ፣ ተስማምቷል። ባዶ ጠርሙሶቹን ለእሱ አስቀምጣለሁ። በመጀመሪያው ቅዳሜ መቻል ከበሩ አሥር እርምጃ ርቆ በላ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ስምንት እርምጃ ላይ እንሞክራለን።